መጋቢ ሣህሉና የዋና ትምህርት

መጋቢ ሣህሉ በባሕር ዳር አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ለሃያ ስድስት ዓመት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ከሐይቁ ርቃ ያለችው የዱርቤቴ ልጅ ናቸውና ጣናን ከዳር ቆመው ማየት ይወዳሉ እንጂ ውሃ ውስጥ መግባት አይሆንላቸውም ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ሁለት ተማሪዎች ከሐይቁ ማዶ ከአገልግሎት ሲመለሱ ማዕበል ጀልባቸውን ገለበጠው። ጀሪካን አቅፈው ለትንሽ ነው የተረፉት። መጋቢ ሣህሉ ተማሪዎቹ በጋቢ ተጠቅልለው ሲንቀጠቀጡ አዩ። ወዲያው «ከእንግዲህ ዋና የማይችል አይመረቅም» አሉ።

የቦርዱ ሰዎች ሳቁ። «ሰባኪ ነው የምናስመርቅ ወይስ ዓሣ አጥማጅ?»

«ጴጥሮስ ሁለቱንም ነበር» አሉ መጋቢ።

አስተማሪው ካሊድ ሆነ፤ በሞተር ጀልባ ሰው የሚያመላልስ፣ ሐይቁ ላይ ያደገ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን ውሃ ውስጥ ደርድሮ ወደ ዳር ዞረ።

«መጋቢ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ አረጀሁ!»

«ውሃው ዕድሜ አይጠይቅም፤ ይግቡ።»

ተማሪ ፊት እንቢ ማለት አሳፈራቸው። ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ፤ ውሃም ጠጡ፤ ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ። ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሲረጋ ግን አንድ ቅዳሜ ከመሻገሪያው እስከ ደንገሉ ድረስ ብቻቸውን ዋኙ። ካሊድ «ማሻአላህ!» ሲል ተማሪዎቹ «ሃሌ ሉያ!» ብለው ጮኹ።

ዘንድሮ ጡረታ ሲወጡ የስንብት በዓል ተደረገላቸው። አንዱ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሌላው ስለ ማደሪያ ሕንፃው አወራ። መጋቢ አቀርቅረው ያዳምጡ ነበር፤ ውዳሴ ሲበዛ ያልባቸዋል።

በመጨረሻ ወንጌላዊት የተባለች የቀድሞ ተማሪ ተነሣች። ከኮሌጁ ተመርቃ በሐይቁ ዳር መንደር የምታገለግል ሴት ናት። በእጇ አንዲት ሕፃን ይዛለች፤ እናትየዋም ከኋላዋ ናት።

«ይች ልጅ ፍሬ ስብሐት ትባላለች» አለች። «ባለፈው ክረምት ከጀልባ ላይ ውሃ ውስጥ ወደቀች። ዘልዬ አወጣኋት። ዋናውን የት እንደተማርሁ ታውቃላችሁ።»

እናትየዋ ቀርባ የመጋቢን ጉልበት ልትስም ብትል ብድግ ብለው ያዟት፤ ልጅቱንም አቀፏት። እሷ ግን ምኑም ሳይገርማት መነጽራቸውን መንጭቃ አፏ ውስጥ ከተተች። ያኔ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

መጋቢ ሣህሉ ረጅም ንግግር አዘጋጅተው ነበር። ያለ መነጽር ወረቀቱ አልታይ አላቸው፤ ዓይናቸውም እንባ ሞልቶታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «በሉ ምሳ ይቅረብ።»