ሸወድሽኝ በእንግሊዝኛ

መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለችው ሱቄ ዚፕ፣ ማስቲሽ፣ ዘለበትና የቦርሳ ገበር እሸጣለሁ። እንግሊዝኛ የለቀምኩት ግን እዚያ አይደለም፤ በወጣትነቴ ለቱሪስት ሐብል እያዞርኩ ስሸጥ ነው። ከመንገድ የተለቀመ ነገር ደግሞ ጉዱ የሚታወቀው ሲጠቀሙበት ነው። አንድ ቀን ኪሴን አራግፈው ሲወስዱብኝ፣ ለአንድ ፈረንጅ ደንበኛዬ «ትናንት ሰረቁኝ» ያልኩ መስሎኝ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ታዲያ ማን መለሰህ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ሌቦቹ እኔኑ ተሸክመው ሄደዋል ብዬው ነው። ያኔ ስቄ አለፍኩት። መማር ነበረብኝ።

ከሱቄ ግድግዳ ወዲያ ጎረቤቴ የቆዳ ቦርሳ ትሰፋለች። ትሰፋለች ልበል እንጂ ለዓመታት ስትሠራ የኖረችው የተማሪ ቦርሳ ዚፕ መቀየር ነው። ዘንድሮ አንዲት እዚሁ ሰፈር ቤት የተከራየች ፈረንጅ በደጃፏ ስታልፍ የተሰቀሉትን ቦርሳዎች አየች፤ ቆመች፤ ስፌቱን በጥፍሯ ሞከረች። አገሯ ወስዳ የምትሸጠው ሠላሳ ቦርሳ እንደምትፈልግ በእኔ አስተርጓሚነት ነገረችን። መጀመሪያ ግን ለናሙና ሦስት ወሰደች። ስትወስድም እንዴት ያለ ክርክር! መርካቶ ያደገች እንጂ ትናንት የመጣች አትመስልም። ዋጋውን አስቀንሳ፣ ሄዳ፣ ተመልሳ፣ በመጨረሻ አንድ ቀበቶ ምርቃት አስጨምራ ወጣች። ጎረቤቴ በደስታ ልትበር ነበር። እንዲህ የሚከራከር ገዢ ተመልሶ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጎረቤቴ እየሳቀች መጥታ፣ ለሴትዮዋ ሰላምታ ጻፍልኝ፣ «ሸወድሽኝ እኮ» በላት አለችኝ። እኔም ስልኬን አውጥቼ በእንግሊዝኛ «ቺት አድርገሽኛል» ብዬ ጻፍኩ። አጭርና ግልጽ መሰለኝ።

በደቂቃ ውስጥ ትመልስ የነበረችው ሴት ዝም አለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ወደ አገሯ ልትሄድ ሁለት ቀን ቀርቷታል፤ የሠላሳውን ቦርሳ ልክና ቀለም ሳትልክ ከሄደች ነገሩ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ጎረቤቴ ወደ ተማሪ ቦርሳዋ ልትመለስ ነው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆመች።

«ምን ብለህ ነው የጻፍክላት?»

ያልሽኝን ነው አልኳት። አላመነችኝም። እኔም ራሴን ማመን ትቼ ነበር። ሀና ማርያም አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር አውቃለሁ፤ የእጅ ቦርሳቸውን ዘለበት የምቀይርላቸው እኔ ነኝ። ታክሲ ይዘን ሄድን።

መምህሩ መልእክቱን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ልጅ፣» አሉኝ፤ ጸጉሬ ከሸበተ ቆይቷል፣ «ይቺን ሴት እኮ አጭበርባሪ ብለሃታል።»

ጎረቤቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መምህሩ ተነስተው፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ወፍራም መጽሐፍ አመጡ። አንድ ዓይነት ትርጉም ያላቸው ቃላት በየወገናቸው የተሰበሰቡበት ነው አሉን። የስርቆቱን ገጽ ገለጡ። እኔ በሕይወቴ ብዙ መጋዘን አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እያንዳንዷ ምስማር የራሷ መሳቢያ አላት። ቤት ሰብሮ ለሚገባው አንድ ቃል፣ ከሱቅ መደርደሪያ ለሚያነሳው ሌላ። ፒልፈር ትንሽ ትንሹን እየቆነጠረ ለሚወስድ ነው፤ መጋዘን ጠባቂ ቀጥሮ ያየ ሰው ይህን ቃል ይወደዋል። ፍሊስ የበግ ጸጉር መሸለት ነው፤ ዋጋ የማያውቅ ገዢ ላይም ይሠራል። ኢምቤዝል ደግሞ አደራ የተሰጠውን መብላት ነው፤ ሰውዬው ያልታመነ ከሆነ ቃሉ አይገባለትም። ይህን ስሰማ አፌ ተከፈተ። እምነትህ ራሱ ቃሉ ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል።

ስቲል ከኋላው የሚያስከትለው የተሰረቀውን ዕቃ ነው፣ ሮብ ደግሞ የተሰረቀበትን ሰው አሉን። የድሮው ቱሪስት ለምን እንደደነገጠ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌብነትን ይህን ያህል የመረመረ ሕዝብ ወይ ብዙ ተሰርቋል፣ ወይ ብዙ ሰርቋል ብዬ አሰብኩ፤ ለመምህሩ ግን አልነገርኳቸውም።

«ቺትስ?» አልኳቸው።

ፈተና የሚኮርጅ፣ ሚዛን የሚያሳስት፣ በትዳሩ ላይ የሚማግጥ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ይጠራል አሉ። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ በአራት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እንግዲህ በባሌ ሄደሽብኛል ብለህ ጽፈህላት እንደሆነስ?» አለችኝ። የሞተውን ባሏን ነው።

መምህሩ ግን ቁም ነገራቸውን አልለቀቁም። ሸወደ ማለት ለእናንተ ምንድን ነው ብለው ጠየቁን። እኔ ቃላት መደርደር ጀመርኩ፤ መነተፈ ለአንገት ሐብልና ለስልክ ነው፣ ላፍ አደረገ ሮጦ ላመለጠ፣ ሞጨለፈ ለትንሽ ነገር፣ በላ የሚባለው ቢሮ ሲገባና ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መዘበረ ይሆናል። ስናገረው ለራሴ ገረመኝ። የኛም መጋዘን ባዶ አይደለም፤ ቁልፉን ይዤ ስዞር ገብቼ አላውቅም ነበር።

ጎረቤቴ አቋረጠችኝ። «ሸወድሽኝ ማለት እኮ፣ መምህር፣ ጎበዝ ነሽ ማለት ነው። በልጠሽኛል፣ ግን አልተቀየምኩሽም ማለት ነው።»

መምህሩም፣ ለእሱ የሚሆነው ስቲል ነው አሉ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ያ ዋናው፣ ፖሊስ ጣቢያ የሚጻፈው ቃል? አዎ አሉ፤ ሰው በርካሽ የገዛውን ዕቃ «ይህማ ስቲል ነው» ይሉታል፤ ገዢው ይኮራበታል እንጂ አይቆጣም። እኔ ቀላሉን ቃል መርጬ ሴትዮዋን አስቀየምኩ፤ እሳቸው ከባዱን አንስተው ሊያስታርቁን ነው። ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁት፤ የሚቀልዱ አይመስሉም።

ጎረቤቴ ቃሉ ሌባ ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ መሆን አለመሆኑን ጠየቀች። መምህሩ ወንድሙ ነው አሏት። እጇን አየችው፤ ጣቶቿ ላይ የመርፌው ጠባሳ አለ። ያንን ቦርሳ ለመስፋት ምን ያህል እንደለፋች እኔ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ሁሉ ነገር የቆመው እሷ በማታነበው አንድ ቃል ላይ ነው። ቀና ብላ «መምህር ካሉ ላከው» አለችኝ።

መምህሩ እየነገሩኝ ጻፍኩ፦ የአማርኛ ቀልድ ስተረጉም የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ቦርሳ ሰፊዋ ለማለት የፈለገችው በዚያ ዋጋ የወሰድሽው ስቲል ነው፣ ክርክርም ትችያለሽ ብላ እንደሆነ። ፊደሉን ሦስቴ አዩልኝና ላክሁት።

አመስግነናቸው ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ነች። መጀመሪያ የሳቅ ምልክት ደርድራለች። ቀጥሎ፣ መልእክቱን ካየች ጀምሮ ቀበቶውን ልመልስ ወይስ ልተው እያለች ስትጨነቅ እንደቆየች ጽፋለች። ከዚያ በታች የሠላሳው ቦርሳ ልክና ቀለም ተዘርዝሯል፤ የትልቁ ቦርሳ ማንገቻ ይረዝም እንደሆነም ጠይቃለች።

ለጎረቤቴ አነበብኩላት። ሰማችኝና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስንት ሴንቲሜትር እንደምትፈልግ ጠይቃት፤» አለችኝ፣ «ሌላ ቃል ከራስህ እንዳትጨምር።»