የረር ላይ የተረከብኩት ስለት

ከቦሌ ቤታችን ደጅ ሲቆሙ የረር ፊት ለፊት ይታያል። ወንድሜ ከመወሰዱ በፊት ማንም ልብ ብሎ አያየውም ነበር። ከኦሎምፒያ ሲመለስ ታፍሶ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተብሎ ወደ ሰሜን ከተጫነ ወዲህ ግን እናቴ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ወጥታ ተራራውን ታያለች። አንድ ቀን ማጀት ድረስ ተከትላኝ መጣችና፣ «ተስያለሁ» አለችኝ።

ስለቱን ስሰማ ደሜ ፈላ። ከየረር ጫፍ ወዲያ፣ በጀርባው በኩል ጠበል አለ። በባዶ እግሯ፣ እህል ውሃ ሳትቀምስ፣ ጫፍ ጫፉን ይዛ እዚያ ልትደርስ ነው። መንገድ ከጀመረች ደግሞ ሳትደርስ ላትመለስ። ይህን ከፈጸመች ልጇ በሕይወት ይመጣል። ከተመለሰች ግን... እሱን አልጨረሰችውም። ያውም በጳጉሜ! ጠበል የሚወደደው በጳጉሜ ነው፤ ጉሙ ተራራውን ጠቅልሎ የሚይዘውም በጳጉሜ። እኛ ተራራ የምንወጣበትን ጊዜ ስንመርጥ እንዲህ ነን።

«እማዬ፣ ይሄ ጉልበትሽ እስከ መገናኛ እንኳ አያደርስሽም።»

«የሚያደርሰው ያውቃል።»

«እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ።»

«አንቺ? ጾም እንኳ የማትጾሚ!»

«የጾመው ሲወድቅ የሚያነሳው የበላ ሰው ያስፈልጋል» አልኳት። ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ለቀበሌው የእሁድ ስብሰባ ታመናል አስብለን ቅዳሜ ወጣን። እስከ ጉርድ ሾላ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። የወንድሜ የክርስትና እናት ከተራራው ሥር ባለው የገበሬ መንደር ትኖራለች፤ እሷ ዘንድ አደርን። ሲነጋ ሴትዮዋ ደጅ ቆማ ወደ ላይ አየችና በኦሮምኛ ለራሷ አንድ ነገር አጉረመረመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጫፉ ጠባብ ነው፣ ግራ ቀኙ ገደል። መንገዱን እንዳትለቂ። ጉም ከመጣ ተቀመጡ። በጉም ውስጥ የሌለ መንገድ ለሰው ይታያል» አለችኝና ዱላ ሰጠችኝ። ኮዳዬን ውሃ ስሞላ እናቴ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

አቀበቱን ደህና ወጣን። እሷ ነጠላዋን አደግድጋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ተረከዟ ተሰንጥቆ ይደማል፤ እንደማያማት ሁሉ ትራመዳለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን አይበቃም። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አፍሽን እንኳ አርጥቢው፣ በማርያም!»

«ዝም በይ። አትፈታተኚኝ።»

ጉሙ ከደብረ ዘይት በኩል መጣ። ሲመጣ አየሁት፤ መጀመሪያ መንደሩን ወሰደው፣ ቀጥሎ ዛፎቹን፣ ከዚያ የእናቴን ነጠላ። ነጭ በነጭ ሆነና ጠፋችብኝ።

«እማዬ፣ ቁሚ!»

አልቆመችም። እግሯን እሰማለሁ እንጂ እሷን አላይም። ድንገት ከሥሯ አንድ ድንጋይ አመለጠ። መሬት ሲነካ ልሰማ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ድምፁ ሲመጣ ከሩቅ፣ ከታች መጣ።

በዳዴ ደርሼ ቀሚሷን ያዝኩ። እናት አትጎተትም ይባላል፤ እኔ ጎትቼ አስቀመጥኳት። «መቀመጥ መመለስ አይደለም» ብዬ ተቆጣኋት፤ ይህቺን ተቀበለች። ተቃቅፈን ተቀመጥን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እጇ እየቀዘቀዘ፣ ቃሏ እየተንተባተበ ሄደ፤ የወንድሜን ስም ትጠራና መሃል ላይ ታቆመዋለች። እዚህ እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው አልኩ በልቤ።

ጉሙ ሳሳ ሲል የገለጠልን ከኋላችን ያለውን መንገድ ብቻ ነው። የፊቱ እንደተዘጋ ነው። እናቴ ተነስታ ወደ ፊት አንድ እግሯን ሰነዘረች፤ ጉልበቷ ከዳትና እላዬ ላይ ወደቀች።

«በቃ፣ እንወርዳለን!»

«ልቀቂኝ። ከተመለስኩ ልጄን ገደልኩት።»

«እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?» ብዬ ጮህኩባት። «ይቺ አጠገብሽ ያለችውስ? እሱ ሲመጣ እናቴ የት አለች ቢለኝ፣ ከገደል ለቀምኳት ልበለው?»

አለቀሰች። እንባ ግን አልወጣትም፤ ሰውነቷ ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር አልቀረም። ያን ሳይ አፌ ያመጣውን ተናገርኩ።

«ስለቱን ለኔ ስጪኝ።»

«ምን?»

«አደራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ የለ? አንቺ አልተመለስሽም፣ አቀበልሽኝ እንጂ። ከዚህ ወዲያ ያለው የኔ ነው፤ እፈጽመዋለሁ።»

ከዚያ የቀዘቀዘ መዳፏን አናቴ ላይ ጫነች።

«ተቀበልሽ?»

«ተቀበልኩ።»

ኮዳውን ከእጄ ነጥቃ ጠጣች፤ ውሃው በአገጯ ላይ እየወረደ ደረቷን አራሰው። ቀስ በቀስ ወረድን፤ እኔ ከታች ሆኜ በዱላው መሬቱን እየወጋሁ፣ እሷ ትከሻዬን ይዛ፣ ቀጥ ባለው ቁልቁለት ላይ በቂጣችን እየተንሸራተትን። መንደሩ ስንደርስ የክርስትና እናትየው የእናቴን እግር አጥባ ቅቤ ቀባችው።

በሚቀጥለው እሁድ ሰማዩ ጠራ። ከቤት ልወጣ ስል እናቴ ሸራ ጫማዬን ፊቴ አስቀመጠችው።

«በባዶ እግር አልነበረም እንዴ?»

«እሱ የኔ ነው። አንቺ ጫማሽን አድርጊ፤ ውሃም ጠጪ። ከላይኛው ጋር እኔ እነጋገራለሁ።»

ለራሷ አንዲት ጉንጭ ውሃ ያልለመነች ሴት ለኔ ይህን ሁሉ አስፈቀደችልኝ። ጫማዬን አደረግሁ። ከመንደሩ ከአንድ ሰውዬ ጋር ወጣሁ፣ ሲጠማኝም ጠጣሁ። የተቀመጥንበት ቦታ ስደርስ መንገዱ እዚያ ጋ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እናቴ ግን ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው። ወደ ገደሉ ቁልቁል አየሁና ቁጭ አልኩ፤ ሰውዬው ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ጠበሉ ደረስኩ፤ በኮዳ ይዤላት ተመለስኩ። በማላምንበት ነገር ያን ያህል ተማምኜ አላውቅም።

ዓመት አልፎ፣ አንድ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ የእድራችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ግቢያችን ገቡ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቃል። አንደኛው «እንግዲህ የእግዜር ቁጣ ነው» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። በራሳቸው ላይ አሻግሬ የረርን ነበር የማየው፤ የታየኝ ግን ወንድሜ አይደለም። ሸራ ጫማዬ ነው የታየኝ። የጠጣሁት ውሃ ነው።

ሁሉም እናቴን ያያሉ። እናቴ እኔን ታያለች። አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች መጥታ ሁለት እጆቼን ያዘች።

«ተራራው ላይ የሰጠሁሽን መልሺልኝ» አለች።

«እማዬ...»

«መልሺ! የኔ ነው፤ አንቺ የለሽበትም።»

«ይኸው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።