ስልክ ሲነጋገሩ የሚዘጋው በር

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ፣ እኖርበት በነበረው ሰፈር ስልክ የገባው እኔ ቤት ብቻ ነበር። ዕቃን በሥርዓት መያዝ የተማርኩት በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በመሆኑ ጥቁሩን ስልክም እንደዚያው ያዝኩት። አፍ የሚጠጋውን ክፍል አልኮል በነካ ጥጥ እጠርጋለሁ፤ ከጫሞ ሐይቅ በኩል ሲያንጎደጉድ ሽቦውን ከግድግዳው እነቅላለሁ፤ ከቤት ስወጣ የቁጥሩን መዘውር በትንሽ ቁልፍ እቆልፋለሁ። መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር በመጣ ጊዜም፣ ከሥራ በኋላ በጨርቅ የምሸፍነውና መብራት ሲዋዥቅ ፈጥኜ የማጠፋው እኔው ነበርኩ።

በዚያው ዓመት ባለቤቴ ልቧን ልትታከም አዲስ አበባ፣ ልጃችን ዘንድ ሄዳ ነበር። ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት ትመለስ እንደሆነ ሐኪሙ ገና አልወሰነም፤ ሲወስን ደውላ ልትነግረኝ ቃል ገብታለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች፤ የሚፈለገው ግን ሁልጊዜ ጎረቤት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምትፈለገው ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየገዛች ወደ አዲስ አበባ የምትጭን ጎረቤቴ ነበረች። አንድ ቀን ከገዢዋ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። እዚያው ተቀምጦ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሌላ ነጋዴ ዋጋዋን ሰማ፤ በማግስቱም ቀድሟት ገበሬዎቹ ዘንድ ደርሶ ሙዙን ጠራርጎ ጫነው።

«ለምን ትጮኺያለሽ?» አልኳት።

«አዲስ አበባ ሩቅ ነዋ ጋሼ! ካልጮኽኩ እንዴት ይደርሳል?»

«ድምፅሽን የሚያደርሰው ሽቦው ነው። አፍሽን አስጠግተሽ በቀስታ ተናገሪ። ዋጋ ሲነግሩሽም አትድገሚው፤ እሺ ብቻ በዪ።»

«እሺ ካልኩማ በዋጋው የተስማማሁ ይመስላቸዋል!»

«እንግዲያው ሰምቻለሁ በዪ።»

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት አቆምኩ። የሚነጋገር ሰው ብቻውን ይሆናል፤ የቀረነው ወጥተን ማንጎው ጥላ ሥር እንቀመጣለን፤ በሩ ይዘጋል፤ ጨርሶ ሲወጣ ማንም «ምን አሉህ?» ብሎ አይጠይቀውም። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ «ጋሼ በገዛ ቤታቸው ስደተኛ ሆኑ» ብለውም ቀለዱብኝ። በኋላ ለመዱት። ቀድሞ የሰው ወሬና ሳቅ የማያጣው ክፍል ጸጥ አለ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ነጋዴዋ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር እኔ ዘንድ ተቀምጣ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ ነበረች። ከፊቴ አውቀው ሦስቱም ተነሡ፤ ነጋዴዋ ከሁሉ ኋላ ወጥታ በሩን በዝግታ ገጠመችው።

«ሐኪሙ አልፈቀደም» አለችኝ ባለቤቴ። «የዚያ አገር ሙቀት አይሆንሽም አለኝ። እዚሁ መቅረቴ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

«ሌላ የምትለው የለህም?»

ነበረኝ። ማንም በሌለበት በተዘጋው ቤት ውስጥ ግን የገዛ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

«የተከልሽው ፓፓያ አፈራ» አልኳት።

የሳቀች ወይም ያለቀሰች መሰለኝ፤ መስመሩ እየተንሿሿ ስለነበር መለየት አልቻልኩም። ወዲያውም ተቋረጠ።

ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሦስቱ ጎረቤቶቼ ከማንጎው ሥር ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ተቀምጠዋል። ሥርዓቴን አክብረው አንድም ቃል አልተነፈሱም። አንዳቸው ቢያፈርስልኝ ብዬ ጥቂት ጠበቅኩ። በመጨረሻ ወደ ነጋዴዋ ዞርኩ።

«ምን አሉዎት አትዪኝም?»

«እርስዎ ከልክለውን የለ እንዴ ጋሼ!»

«ዛሬ ጠይቂኝ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሥታ አጠገቤ መጣች።

«ምን አሉዎት?» አለችኝ፣ እንዳስተማርኳት፣ በቀስታ።