ከእናቴ ክፍል ጀርባ ያለው ገደል

ጂንካ ከተማ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ የሚያልፈውን ጅረት ዛሬም ሰማይ ሲያጉረመርም እፈራዋለሁ። በበጋ ዶሮ የምትሻገረው ውሃ ነው። ተራራው ላይ ከዘነበ ግን ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በየዓመቱ ግቢያችንን እየገመሰ የአባቴን ቡና ጨረሰና ወደ እናቴ መኝታ ክፍል ተጠጋ። ከግድግዳዋ እስከ ገደሉ አፍ ስድስት እርምጃ ቀረ። በየጠዋቱ እየሄድኩ እለካው ነበር።

«ወደ ፊተኛው ክፍል ግቢ» ብላት፣ «አባትህ የሞተበትን ክፍል ትቼ የትም አልሄድም» አለች። ስለዚህ ገደሉን ራሴ ላቆመው ተነሳሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ለቃቅሜ አሸዋ እየሞላሁ አፋፉ ላይ ደረደርኩ። አሸዋውን የምዝቀው እዚያው ከገደሉ ግርጌ ነበር። ከሩቅ ማን ይሸከማል?

ከጅረቱ ማዶ የሚኖሩ አንድ የአሪ ብሔረሰብ ገበሬ ሁለት ቀን ቆመው አዩኝ። የእሳቸውን ዳር ቀርከሃና እንሰት ቀጥ አድርጎ ይዞታል። በሦስተኛው ቀን ተሻግረው መጡ።

«ልጄ፣ ከእግሩ ቆፍረህ ራሱ ላይ ትጭናለህ። ይሄ ይቆማል?»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ልክ ዞር ሲሉ መቆፈሬን ቀጠልኩ። አስተማሪ ነበርኩ፤ ከገበሬ መማር ከበደኝ። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ጠቆረ። ብዙም ሳይቆይ ጅረቱ ሲያጓራ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ውሃው እኔ የቦረቦርኩት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፤ ከላይ ከረጢቶቼ አንድ በአንድ ይንሸራተታሉ። ያኔ የገበሬው ነገር ገባኝ። እናቴ ራሷን አሟት ተኝታለች። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ታቅፌያት ከበሩ ስወጣ መሬቱ ተንቀጠቀጠና የኋላው ግድግዳ ከነአልጋው ወረደ።

ውሃው ሲጎድል ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እናቴ እጄን ጨብጣ፣ «ይሄ ልጅ እነዚያን ከረጢቶች ባይደረድርልኝ እኮ ድሮ ሄጄ ነበር» ትላቸዋለች። የማዶው ገበሬም መጥተው ነበር። የተቦረቦረውን የገደሉን ግርጌ አዩ፤ ከዚያ እኔን። እኔም አሁን ይናገራሉ ብዬ ከጎርፉ ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ጅረት ስትረግም ኖረች፤ እኔም አብሬያት እረግመው ነበር።