አባቴ በደጀ ሰላሙ የተናገረው

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ሳለ ፈንጣጣ ተነሣ፤ ሐኪሞቹም «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ብለው በገበያ አስለፈፉ። በእኛ መንደር ሰው ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተከራከረ። ግማሹ «ልጅ ከሚሞት ይከተብ» ሲል አባቴ ብድግ አለ። «ከሰማይ መርዝ ያዘነበብን ጠላት ዛሬ በመርፌ መድኃኒት ሊሰጠን? ልጁን የሚያስከትብ ባንዳ ነው!» አለ። የአባቴን አፍ ማን ይደፍራል! ሁሉም «እውነት ነው» ብሎ ተበተነ።

በሳምንቱ ያው አባቴ «ገበያ እንሂድ» ብሎ ከተማ ወሰደኝና አስከተበኝ። ስንመለስ «እጅጌሽን እንዳትሰበስቢ» ብቻ አለኝ።

ወረርሽኙ መንደራችን ገባ። አብራኝ ውሃ የምትቀዳው የጎረቤታችን ልጅ ከሞት ተረፈች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን ጠፉ። እናቷ እየመራች ቤታችን አመጣቻትና አባቴን እጅ ነሣች።

«እርስዎ ባይመክሩን ያንን መርዝ አስወግቻት ትሞትብኝ ነበር። ነፍሷን አተረፉልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

አባቴ ቀና ብሎ ሳያያት «አሜን» አለ።

አሜን! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እጅጌዬን ወደ ታች ጎተትሁ፤ ከማን እንደምደብቅ እንጃ፤ ጓደኛዬ እንደሁ አታይ።