የተውሶ አምሮት

ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስት ወሯ ነው። ዛሬ ከአሰላ ያመጣሁላትን ጭኮ ስከፍት የተቆላው ገብስና የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ቀረች።

እናቴም እንዲህ ሆና ነበር። በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አሰላ፤ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ፀንሳ ሳለ ጸጉሯን ማበጠር ተወች። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሳ ታለቅሳለች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት "እኔንጃ" ትለኛለች። ያጠፋሁት ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ፣ መንደሩን ሁሉ ያዋለዱ አሮጊት፣ አንድ ቀን መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

"ምን አማረሽ?"

"ምንም አላማረኝም፣ አዴ። ልጁንም የምወደው አይመስለኝም። እፈራለሁ።"

ይቆጧታል ብዬ ፈራሁ። እርጉዝ ያማራትን መንፈግ በሰፈራችን ነውር ነበር፤ ምንም ያላማራትን ግን ምን እንደሚያደርጓት ማንም አልነገረኝም።

"እንግዲያው አንቺን እስኪያምርሽ እኔን ያምረኛል" አሉ።

በማግስቱ "ጭኮ አማረኝ" ብለው ራሳቸው ለውሰው መጡ። በሦስተኛው ቀን ማር አማራቸው፤ በአራተኛው ሎሚ። ግማሹን ይበላሉ፤ ግማሹን እናቴ ጉልበት ላይ ያስቀምጣሉ። "ብዪ" ብለዋት አያውቁም። አንዳንድ ቀን ትቀምሳለች፤ አንዳንድ ቀን ዝንብ ይወርሰዋል። እሳቸውን ግን ሳያምራቸው የቀረበት ቀን አልነበረም።

"ምን አማረሽ?" አልኳት ልጄን።

"ምንም።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እኔን ግን አምሮኛል" አልኩና ጭኮውን ቆርሼ ግማሹን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት።