የደረበ ባጃጅ መጋረጃ

ደረበ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ወዲህ ያልወጣበት መመሪያ የለም። ታርጋህን አድስ ተባለ፣ አደሰ። የጎን ቁጥር ጻፍ ተባለ፣ ጻፈ። ከቀጠናህ እንዳትወጣ፣ ከሦስት ሰው በላይ እንዳትጭን፣ ከመሸ እንዳትንቀሳቀስ ተባለ፤ እሺ አለ። የቀረው መቼ መተንፈስ እንዳለበት የሚወስን መመሪያ ነው፤ እሱም ሳይታሰብበት አልቀረም። ደረበ ግን እሺ ማለት ለምዷል። ትራክተር ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እንቢ ሲለው ነው ወደ ባለሦስት እግሯ የመጣው፤ ነዳጅ አትፈጅም፣ ለደከመ ሰው ትሆናለች ብሎ።

የአሁኑን ግን እሺ ማለት አቃተው። የማህበሩ ሰብሳቢ ባየልኝ ሾፌሮቹን ተራ መያዣው ላይ ሰብስቦ ነገራቸው።

"ለጸጥታ ሲባል ሁሉም ባጃጅ የጎን መጋረጃውን ያነሳል። የተሳፈረው ሰው ከውጭ መታየት አለበት። ከነገ ጀምሮ መጋረጃ የተገኘበት ከመስመር ይወጣል።"

"በሽተኛ ለጫነስ?" አለ ደረበ።

"በሽተኛ አይታይ ያለው ማነው?" አለ ባየልኝ፤ ሾፌሮቹ ሳቁ። ደረበም አብሯቸው ፈገግ አለ። ምን ይበላቸው?

መጋረጃው የተሰፋው በደጉ ቀን ነበር። ደረበና ሚስቱ ስርጉት ብዙ ዓመት ኖረው ልጅ አላገኙም። ዘንድሮ ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ሆዷ ገፋ። ጎረቤት ደስ አለው፤ ደረበም አመነ። የቆላው ፀሐይና አቧራ እንዳይነካት ብሎ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ገዝቶ ባጃጁን ግራና ቀኝ ጋረደላት። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፣ ክንዷ መነመነ። ሐኪሙ ሆዷን ዳብሶ፣ "ያበጠው ጣፊያዋ ነው፤ ካላዛር ይዟታል" አለ። የሰሊጥ እርሻ ሠራተኞች በሽታ ነው ሲባል የኖረው እሷ ቤት ገብቶ ተገኘ።

የሆስፒታሉን አልጋ የእርሻ ሠራተኞች ስለሞሉት በየቀኑ እየተመላለሰች መርፌ እንድትወጋ ተወሰነ። ስርጉት ለማንም እንዳይናገር አስማለችው። የምትሸሸው በሽታውን አልነበረም፤ ምርቃቱን ነው። በየደጃፉ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ሲሏት አሜን ማለት ያማታል፣ አይደለም ማለትም ያማታል። ስለዚህ መጋረጃው ውስጥ ተደብቃ ትሄዳለች፣ ተደብቃ ትመለሳለች።

እቤት ገብቶ መመሪያውን ሲነግራት፣ "እንግዲያ አልሄድም" አለች።

መርፌው ከተቋረጠ እንደማትተርፍ ሁለቱም ያውቃሉ። ደረበ አልለመናትም። መለመንም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ደክሞታል። ጠዋት ወጥቶ መጋረጃውን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው አልላላ ብሎት ብዙ ታገለ። ጨርቁን አጣጥፎ ቀና ሲል ስርጉት ነጠላዋን ደርባ በሩ ላይ ቆማለች።

"ከቋጠሮው ጋር ስትታገል አየሁህ" አለችው። "በል ደግፈኝ፣ እንሂድ።"

ገበያው ጋ ሲደርሱ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታቸው እስከዳር ከሩቅ አየቻት።

"ስርጉትዬ! ምነው ጠፋሽ? ማርያም በሽልም ታውጣሽ እህቴ!"

ደረበ ጋዝ ሊሰጥ ሲል ስርጉት ትከሻውን ያዘችው። ከዚያ ወደ ውጭ ዘንበል ብላ፣ "አሜን" አለች። እስከዳር ሽንኩርት በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ አኖረችላት፤ ገንዘብም አልቀበልም አለች።

ጥቂት እንደሄዱ ስርጉት ከኋላ ተናገረች።

"መርፌውን ስጨርስ ሆድሽ ይጎድላል ብለውኛል።"

"እሱማ ደግ ነው።"

"እነ እስከዳር ግን አስወረዳት ብለው ሊያስተዛዝኑን ይመጣሉ። እኔ በዳንኩ ለት ቤታችን ለቅሶ ሊቀመጡ ነው፣ ደረበ።"

ደረበ ጉድጓዱን ዞሮ አለፈ። ሲመልስላት ወደ ኋላ አላየም።

"ይምጡ" አላት። "እኛም እኮ ገና አላለቀስነውም።"